እጅጌው እስኪያልቅ

የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ማንም በስሟ አይጠራትም። «ቁልፌ» ነው የሚሏት። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ መኪና ፊት ተቀምጣ፣ የጥበቃውን፣ የነርሷን፣ የፖስተኛውን፣ የተማሪውን ልብስ ቁልፍ ስትተክል የኖረች ሴት ናት። እግሯ መርገጫውን ሲነካ መኪናው ታ-ታ-ታ ይላል፤ አንድ ቁልፍ ይተከላል። ከዚያ ሌላው ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ሴቶቹ ተወራርደው ዓይኗን በመሐረብ አሰሩትና አስራ ሁለት ኮት ጨረሰች፤ አንድም ቁልፍ አልተንጋደደም። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ቁልፌ ብታስነጥስ እንኳ የሚወጣው ቁልፍ ነው» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ሳቋ ግን ከጥርስ አያልፍም። ዓይን ተጨፍኖ የሚሠራ ሥራ ዕድሜንም እንዲሁ ሳያስታውቅ ጨርሶ እንደሚያስቀር የገባት በዚያው ቀን ነበር።

አባቷ የሞተው ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው። ታላቅ ወንድሟ ትምህርቱን ቀጠለ፣ እሷ ቀረች። ማንም «ቅሪ» ብሎ አልፈረደባትም፤ እንዲሁ ዝም ተብሎ የተወሰነ ነገር ነው። ወንድሟ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ ተቀጠረ፣ አገባ፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ቤት ያዘ። እሷ ከእናቷ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለ አንድ ክፍል ቤት ቀረች። አንድ ሁለት ጠያቂ መጥቶ ነበር። የመጨረሻው ደህና ሰው ነበር፤ እናትሽ ወንድምሽ ዘንድ ይሁኑና እኛ እንጋባ አላት። ወንድሟን ጠየቀችው፤ ወንድሟ ሚስቱን ጠየቀ፤ ነገሩን በዚያው ውሃ በላው።

ከስድስት ዓመት በፊት ግን አንድ ነገር ሆነ። ከገዢ ተመልሶ የመጣ፣ ጀርባው የተበላሸ የጥበቃ ኮት ነበር። ይጣላል ሲባል ለምና ወደ ቤት ወሰደችው፤ ለእናቷ ላሳጥረው ብላ ነው። አልጋው ላይ ዘርግታ ስፌቱን በምላጭ መፍታት ስትጀምር ማሳጠሩን ረሳችው። ኮት ሲፈታ ኮት አይመስልም። ጀርባው አንድ ነገር ነው፣ ደረቱ ሌላ። እጅጌው ተዘርግቶ ሲታይማ ክንድ የሚገባበት ነገር መሆኑን የሚያምን የለም፤ አናቱ እንደ ኮረብታ ጎብጦ፣ በአንድ ወገን ሰርጎ፣ የተሰበረ ደወል ይመስላል። ያንን ጨርቅ ይዛ ቆመች። እሷ በቀን ሦስት መቶ ጊዜ የምትነካው ልብስ ከዚህ ነው እንዴ የሚነሳው?

በማግስቱ የምሳ ሰዓት ላይ እጅጌውን አጣጥፋ ወደ ቆረጣ ክፍል ሄደች። የቆረጣው ኃላፊ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ መቀስ» የሚላቸው፣ ቀጭን፣ ንግግር የማይወዱ ሽማግሌ ነበሩ። ዳቦና ሻይ ይዘው ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ መቀስ፣ ይሄ ጠፍጣፋ ነገር እንዴት ነው ክብ ክንድ የሚሆነው?» አለቻቸው።

ሽማግሌው እጅጌውን ሳይሆን እሷን አዩ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው እንዳልነበረ በኋላ ነግረዋታል። ዳቦውን ወዲያ አሉና ከጥቅል ወረቀት ላይ ቀድደው፣ ጠመኔ አንስተው ማስመር ጀመሩ። የምሳው ሰዓት አለቀ፣ ዳቦውም ሳይበላ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ቁልፌ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በምሳ ሰዓት እዚያ ጠረጴዛ ሥር አትጠፋም። የደረትን ልክ ለአራት ከፍሎ ከየት እንደሚነሱ፣ ትከሻ ስንት ጣት እንደሚወርድ፣ ኪስ ከወገብ ምን ያህል እንደሚርቅ ተማረች። አምስት ዓመት ሙሉ ለፍቅሯ ነው የሠራችው፤ ምን ላደርግበት ብላ ራሷንም ጠይቃ አታውቅም። ያን የጠየቀችው ጋሽ መቀስ ጡረታ ሊወጡ መሆኑ በተሰማ ጊዜ ነው። ቦታቸው በፈተና እንደሚሞላ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ፈታኞቹ የአንድ ሰው ልክ በወረቀት ላይ ይሰጣሉ፤ ተፈታኙ ከዚያ ተነስቶ የሙሉ ኮት ንድፍ ያወጣል፣ ጨርቅ ላይ ይደለድላል፣ ይቆርጣል። አራት ሰዓት ነው የተፈቀደው። የትምህርት ደረጃ የሚል መስመር አልነበረበትም። ቁልፌ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበችውና ያንን መስመር ፈልጋ አጣችው።

ስትመዘገብ ወሬው ከሷ ቀድሞ ስፌት ክፍል ደረሰ። «ቁልፌ ቆራጭ ልትሆን ነው» አለች አንዷ፤ «መጀመሪያ ቆራጥ ሁኚ በያት» አለች ሌላዋ። ተሳሳቁ። ፈተናው አምስት ወር ቀርቶታል።

እዚህ ላይ ስለ እናቷ መናገር ግድ ነው።

እናቷ መርሳት ከጀመረች ቆይታለች። መጀመሪያ የሰው ስም ነበር፤ ቀጥሎ ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት። በኋላ ግን ከቤት መውጣት ጀመረች። አንድ ቀን ከሦስት ሰፈር ማዶ፣ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ፣ የባሏን መምጫ ሰዓት ስትጠይቅ ተገኘች። ባሏ ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እዚያው ፎቅ ላይ ትኖር የነበረችው ደግ ጎረቤት፣ ቀን ቀን ብቅ እያለች የምታያት፣ ልጇን ተከትላ ሌላ ከተማ ሄዳለች። ቁልፌ በሩን ከውጭ መቆለፍ የጀመረችው በዚያ ሳምንት ነው።

ጠዋት እናቷን አጥባ፣ ቁርስ አብልታ፣ ምሳዋን በሳህን ከድና፣ የምድጃውን ጋዝ ዘግታ ትወጣለች። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር ውስጥ ያለው እንቅስቃሴ ቀጥ ይላል። ሁለተኛ ፎቅ ስትደርስ ማንኳኳቱ ይጀምራል። እናቷ አትሳደብም፣ አትራገምም። «ማነው? በሩ ተቆልፎብኛል፤ እባክዎ ይክፈቱልኝ» ነው የምትለው፣ እንግዳ ሰው እንደምትለምን፣ በትሕትና። ያ ትሕትና ነው ቁልፌን የሚገድላት። ቅጽል ስሟም ከዚያ ወዲህ ጆሮዋ ውስጥ ሌላ ሆነ፤ ሴቶቹ የልብሱን ቁልፍ ብለው ሲቀልዱ እሷ የበሩን ትሰማለች።

ከታች፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሆስፒታል ውስጥ አዳር እየሠራች ቀን የምትተኛ ሴት ነበረች። ማንኳኳቱ በቀጥታ ከራስጌዋ ላይ ነው። አንድ ቀን ማታ ቁልፌ ከሥራ ስትገባ ጠብቃ ደረጃው ላይ አስቆመቻት፤ እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንቴ ነው፣ አንድ ነገር አድርጊ አለቻት። ቁልፌ ያን ቀን ሰው መሆን አቅቷት ነበር፤ ጆሮሽ ውስጥ ጥጥ ወትፊበት ብላት አለፈች። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ አንዷ ግድግዳውን፣ አንዷ መወጣጫውን እያዩ ሆነ።

አምስቱ ወራት እንዲህ ባለው ኑሮ ውስጥ ነው የሚያልፉት። ቁልፌ ለፈተናው መዘጋጀት የምትችለው በምሳ ሰዓቷ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ጠዋት የሰማችው ማንኳኳት ከጆሮዋ ሳይወጣ። ወረቀቱን ዘርግታ መስመሩን ስትጀምር፣ ምድጃውን ዘግቻለሁ? መስኮቱንስ? ትላለች፤ መስመሩ ይጣመማል። ሁለተኛው ወር ላይ ደግሞ የተማሪ ልብስ ትእዛዝ መጣ። አስራ ሁለት ሺህ ሸሚዝ፣ ለእያንዳንዱ ስምንት ቁልፍ። የምሳ ሰዓት ወደ ሩብ ሰዓት አጠረ፤ መውጫ ሰዓት በአንድ ሰዓት ዘገየ። በዚያው ሰሞን እናቷ ደግሞ መብላት እንቢ ማለት ጀመረች።

ወንድሟ በእሑድ መጣ፤ ብርቱካን ይዞ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሥራውን ተዪና እናታችንን ያዢ፣ እኔ የምችለውን አደርጋለሁ አላት። ስለ ፈተናው ስትነግረው ሳቅም ቁጣም ያልሆነ ነገር ፊቱ ላይ መጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ሁለት ወዶ አይሆንም» አላት። «በዚህ ዕድሜሽ ምን አጣድፎሽ ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።»

«ጋሼ፣ ብብቴ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለችው።

ከአልጋው ተነሳ። ብርቱካኑን ትቶ ሄደ።

ያም ሆኖ ቃሉ ገብቶባታል። በሚቀጥለው ሳምንት ለምሳ ወደ ጠረጴዛው አልሄደችም። በቀጣዩም አልሄደችም። ደከመኝ ነው ምክንያቷ፣ ውሸትም አልነበረም። አንድ አመሻሽ ላይ ዳቦ በፌስታል ይዛ ደረጃውን ስትወጣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል እግሯ እንቢ አላት። ከላይ ማንኳኳቱ ይሰማታል። ከታች ያለው መንገድ ነገ ጠዋት ወደዚያው ወንበር የሚወስዳት ነው። ተቀመጠች። ሰዎች አለፏት፤ አንዱ «ምነው?» አላት፣ ቁልፍ ጠፍቶኝ ነው አለችው። ቁልፉ እጇ ላይ ነበር። ወደ ላይም ወደ ታችም ማለት አቅቷት፣ ዳቦውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የደረጃው መብራት እስኪበራ ድረስ እዚያው ቆየች። ያን ቀን እናቷን ጠላቻት። ራሷን ደግሞ የባሰ ጠላች።

ሦስት ሳምንት ከቀረች በኋላ ጋሽ መቀስ በአንድ ሠራተኛ እጅ የተጠቀለለ ወረቀት ላኩላት። ጀምራ የተወችው ኮሌታ ነው፤ ግማሹ ብቻ የተሰመረ። ጠርዙ ላይ በጠመኔ «ይሄ ግማሽ ኮሌታ የማንን አንገት ሊያንቅ ነው?» ብለውበታል። ቁልፌ መኪናው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ የሳቀችው ሳቅ ነው። በምሳ ሰዓት ሄደች።

ሽማግሌው አልወቀሷትም። የእናቷን ነገር ስትነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ እንዲህ ነው ያሏት፦ «ልጄ፣ ሁሉን ልያዝ ካልሽ ሁሉም ያመልጥሻል። ኮቱን ተዪው። ፈተናውንም ተዪው። የዚህ ሳምንት ሥራሽ ኮሌታ ነው፤ ሌላ ነገር የለሽም። ኮሌታ ሲያልቅ እንነጋገራለን።»

እንዲያ አደረገች። አንድ ሳምንት ኮሌታ፣ አንድ ሳምንት የፊት ኪስ፣ አንድ ሳምንት ጀርባ። ሩብ ሰዓት ሲኖራት በሩብ ሰዓት፣ አስር ደቂቃ ሲኖራት በአስር ደቂቃ። ቤትና እናት፣ ወንድምና ትእዛዝ፣ አንዱም አልቀለለም። ጭንቅላቷ ውስጥ ግን ሁሉም በአንድ ላይ መጮኽ ሲጀምሩ «የዚህ ሳምንት ጀርባ ነው» ትላለች። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።

ልክ መውሰድን የምትለማመድበት ሰው ስለሌላት አንድ ቀን ከሥራ እንደገባች እናቷን አቆመቻት። ሜትሩን በደረቷ ዙሪያ ስታዞር እናቷ ዝም አለች። ቀኑን ሙሉ ስትቅበዘበዝ የዋለችው ሴት ክንዷን አንስታ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ለማን ነው የምትሰፊው?» አለቻት።

«ላንቺ ነው እማዬ።»

«ሠርግ አለ እንዴ?»

ቁልፌ ትንሽ አመነታች፤ «አለ» አለቻት።

«ታዲያ ጥሩ አድርገሽ ስፊው። ሰው ፊት ነው የምቆመው።»

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ራት ከመብላታቸው በፊት ትለካታለች። እናቷ በየቀኑ እንደ አዲስ ስለ ሠርጉ ትጠይቃለች። ቁልፌም ቁጥሮቹን ትጽፋለች፤ ስለዚህም ማየት የማትፈልገውን አየች። የደረቷ ልክ ከዘጠና አንድ ወደ ሰማንያ ሰባት፣ ከሰማንያ ሰባት ወደ ሰማንያ አራት ወረደ። እናቷ እጇ ላይ እያነሰች ነው።

ፈተናው ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሆነ። ወንድሟን አንድ ወር ቀድማ ለምናዋለች፤ ያን ቀን ብቻ፣ አንድ ጠዋት ብቻ፣ መጥቶ ከእናታቸው ጋር እንዲቀመጥ። እሺ ብሏታል። በሐሙስ ጠዋት እናቷን አልብሳ፣ ራሷም ለብሳ ጠበቀችው። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ደወለ። አለቃው ድንገት ወደ ክፍለ ሀገር ጭነት ይዘህ ሂድ ብሎታል፤ መንገድ ላይ ነው፤ ምን ላድርግ አላት።  ስልኩን ዘጋችው።

አሥር ደቂቃ ነበራት። ደረጃው ላይ ወርዳ ሦስተኛ ፎቅ በር ፊት ቆመች። ሴትዮዋ ከአዳር ገብታለች፤ ከውስጥ የውሃ ድምፅ ይሰማል። እጇን ለማንኳኳት አነሳች። ጆሮሽ ውስጥ ጥጥ ወትፊበት ያለችው አፏ መጥቶ ፊቷ ቆመ። እጇን አወረደች። ወደ ላይ ተመልሳ እናቷን ጉንጯን ሳመቻት፣ ወጣች፣ በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፈችው። ለክፉ ቀን ብላ የፋብሪካውን ስልክ የጻፈችበት ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ማዕዘኑ ተነስቶ ነበርና በአውራ ጣቷ ተጭናው ወረደች።

ተፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ከሙያ ማሠልጠኛ የወጡ፣ የራሳቸውን መቀስ በቆዳ ማኅደር ይዘው የመጡ ጎረምሶች ናቸው። የተሰጣቸው ልክ ሆዱ የገፋ፣ አንድ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ ሰው ነው። ቁልፌ ወረቀቱን ስታይ ሰውየው ወለል ብሎ ታያት። ጀርባውን አወጣች፤ ደረቱን፣ ኪሱን፣ ኮሌታውን አወጣች። ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በሕይወቷ ታይቶ የማያውቅ ነገር ሆነ፤ ማንኳኳቱ ከጆሮዋ ጠፋ።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ የፋብሪካው በር ጥበቃ መግቢያው ላይ ቆሞ ስሟን ጠራ። እውነተኛ ስሟን፤ ለዚያ ነው ወዲያው ያልሰማችው። ከምትኖርበት ሕንፃ አንዲት ጎረቤት ደውላለች አላት። እናትሽ መስኮት ላይ ሆነው እየጮኹ ነው ብላለች።

«ወድቃለች?»

«አልወደቁም። እየጮኹ ነው፤ ሌላ አላለችም።»

ፈታኟ፣ የስፌት ክፍሉ ተቆጣጣሪ፣ ሰዓቷን አየች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረቻት። ከአዳራሹ የወጣ ተመልሶ መግባት አይችልም፤ ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው። መወሰኑ ያንቺ ነው አለቻት።

የቀራት እጅጌው ነበር። ቁልፌ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። እናቷ የማትጮኽበት ቀን የለም። ዛሬም እንደ ወትሮው ነው አለች ለራሷ፤ እንደ ወትሮው ባይሆንስ አለች ደግሞ። ጎረቤቲቱ ከዚያ በፊት ደውላ አታውቅም። ጥበቃው መልስ እየጠበቀ ነው።

«መጣች በላት» አለችው። ከዚያም ወደ ወረቀቱ ዞረች።

የእጅጌው አናት ከብብቱ ቀዳዳ በሁለት ጣት ያህል መብለጥ አለበት፤ ካልበለጠ ክንድ አይነሳም፣ በጣም ከበለጠ ይሸበሸባል። ዝቅ ላለው ትከሻ ደግሞ ሌላ ነው። ቀኙንና ግራውን ለየብቻ አወጣች። እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን በኋላ ስታስበው ይበልጥ የሚያስፈራት ነገር ሆኗል። ጨርቁን ቆረጠች። ቁራጮቹን ደርድራ፣ ስሟን ጽፋ፣ ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል ከአዳራሹ ወጥታ እግሬ አውጪኝ አለች። አርባ ደቂቃ ነው የቆየችው።

አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ፈጀ። አራተኛ ፎቅ ስትደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መቆለፊያው ተገንጥሎ መሬት ላይ ወድቋል። የመስኮቱ መስታወት ረግፏል። ከአልጋው እስከ ደረጃው ድረስ ጠብ ጠብ ያለ ደም አለ። አንዲት ሴት እናቷን ወደ ጤና ጣቢያ እንደወሰደቻቸው አንድ ጎረቤት ነገራት።

እናቷ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ግራ እጇ እስከ ክርን በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ሻይ ትጠጣለች። አጠገቧ የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ነበረች፤ በሌሊት ልብስ ላይ ካፖርት ደርባ፣ ቀኝ ትከሻዋን እያሸች። በሩን የገነጠለችው በዚያ ትከሻ ነው።

«መጣሽ?» አለች እናቷ። «ይቺ ሴት ጥሩ ሰው ናት። እህትሽ ናት?»

አስራ አንድ ቦታ ተሰፍታለች። ሴትዮዋ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገረቻት፤ ከደወለች ከሩብ ሰዓት በኋላ መስታወቱ ሲሰበር እንደሰማች፣ በሩ እንቢ እንዳላት። ቁልፌ ልታመሰግናት አፏን ከፈተች፤ ያልታሰበ ነገር ወጣት። ስትደውዪ መምጣት እችል ነበር፤ አርባ ደቂቃ ቆይቼ እጅጌ ስቆርጥ ነበር አለቻት። ሴትዮዋ ትከሻዋን ማሸቱን ተወች።

«ጠዋት በሬ ላይ ቆመሽ ነበር፤ ጥላሽን በበሩ ሥር አይቻለሁ» አለች። «ቁልፉን ብትሰጪኝ ምን ነበረበት?»

ወንድሟ በማግስቱ ከመንገድ ሲመለስ ለእሱም ነገረችው። ብትደብቀው ማንም አያውቅም ነበር። ነገረችው። ወንድሟ ተነስቶ ቆመ። መቀስ ከእናትሽ በለጠብሽ? አላት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አልመጣም። ቁልፌ ሂሳቡን አንድ ሺህ ጊዜ ሠርታዋለች፦ መስታወቱ የተሰበረው ስልኩ ከተደወለ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ነው፤ ወዲያው ብትወጣም አትደርስም ነበር። ሂሳቡ ልክ ነው። ግን አላሳረፋትም፤ ምክንያቱም «መጣች በላት» ስትል ይህን ሂሳብ አልሠራችውም።

በዘጠነኛው ቀን ውጤት ተለጠፈ። ከጎረምሶቹ አንዱ በጥድፊያ ሁለት የግራ እጅጌ ቆርጦ ተገኘ፤ ፋብሪካው ለአንድ ሳምንት የሳቀበት ነገር ነው። የሌላው ኮት ለተጣመመው ትከሻ ሳይሆን ለቀጥተኛ ሰው ነበር። ቦታው ለቁልፌ ሆነ። ስፌት ክፍል ሴቶቹ እልል አሉ፤ እሷ እንደ ሐዘንተኛ እጇን አጣምራ ተቀበለቻቸው።

ጋሽ መቀስ የመጨረሻ ቀናቸው ነበር። ምነው ደስ አላለሽም ብለው ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ የሚጠረግ ነገር ባይኖርም።

«እኔ ባለቤቴ ምጥ ላይ ሆና አንድ ሙሉ ጥቅል ካኪ ቆርጬ ነው የወጣሁት» አሏት። «ብሮጥም አልደረስኩላትም። ልክ ነበርኩ ብዬ አልዋሽሽም። ያን ቀን የቆረጥኩትን ሱሪ ማን እንደለበሰው እንኳ አላውቅም። ብቻ ነገ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ሠላሳ ድርብ ጨርቅ ተነጥፎ ይጠብቅሻል። እሱ ያንቺን ሐዘን አያውቅም።»

አሁን ቁልፌ የምትሠራው ቆማ ነው። እግሯ ያብጣል። ጠረጴዛው አስራ ሁለት ሜትር ይረዝማል፤ አንድ ስህተት ሠላሳ ልብስ ያበላሻል፤ ስለዚህ ዓይን ተጨፍኖ አይሠራም። ቆራጮች ማልደው ገብተው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣሉ። የቤቷ ሁለተኛ ቁልፍ ሦስተኛ ፎቅ ነው ያለው። ሴትዮዋ ከአዳር ስትገባ ወጥታ እናቷን ይዛ ትወርዳለች፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይተኛሉ። እናቷ ሰው አጠገቧ ሲተኛ እንደ ሕፃን ትተኛለች፤ ማንኳኳቱ ሁሉ ብቻ የመሆን ፍርሃት እንደነበረ የገባቸው ያኔ ነው። ቁልፌ ለሴትዮዋ ካፖርት ሰፋችላት፤ ቀኝ ትከሻው ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ምክንያቱም ያ ትከሻ ከዚያ ቀን ወዲህ በደንብ አልዳነም። ኑሮው ቀለለ ለማለት ግን አይደፈርም። አራተኛ ፎቅ ያው ነው፣ ክፍሉ ያው ነው፤ ምሽቱ፣ ማጠቡ፣ ማብላቱ ያው ነው። የእናቷ ደረት ሰማንያ ገብቷል። ጠባሳዋን እያየች ይሄ ምንድን ነው ትላታለች በየቀኑ፤ ቁልፌም በየቀኑ መልስ ትሰጣለች።

ወንድሟ በአራተኛው ወር፣ በእሑድ ቀን፣ ሳይደውል መጣ። በዚህኛው ጊዜ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ይቅርታም ወቀሳም አልተነገረም። እስከ አስር ሰዓት እኔ አለሁ፣ ወጣ በይ አላት። የሁለት ሰዓት ፋታ መሆኑ ነው።

ወጣች። የት እንደምትሄድ አላወቀችም። ለራሷ ብላ ወጥታ ስለማታውቅ እግሯ በልማድ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወሰዳት፤ እዚያ ስትደርስ እሑድ መሆኑ ትዝ ብሏት ዞረች። ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰው ያልፋል። አንዱ ኮቱ ጀርባው ላይ ተሰብስቧል፣ ሌላዋ እጅጌዋ ረዝሟል። በየአምስት ደቂቃው ልትነሳ ትሞክራለች፤ ድስቱን ነግሬዋለሁ? መድኃኒቷን ያገኘዋል? እያለች። አንድ ጊዜ ተነስታ እስከ መንገዱ ማዶ ሄዳለች። ተመልሳ ተቀመጠች። የፖስታ ቤቱ ሰዓት በጣም ቀርፋፋ ነበር፤ ቁልፌ ግን አስር ሰዓት እስኪሆን ድረስ ከወንበሩ አልተነሳችም።